ደረተ ነጯ መንገደኛ

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው። አሥረኛ ክፍሎችን ስለ ወፎች ምንቃር አስተምሬ፣ እጄ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፍኩ ወደ መምህራን ማረፊያ ስሄድ፣ ሁለት ሰዎች ከአንድ ፖሊስ ጋር በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንደኛው "ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ" አለኝ። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በተደረገ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ከትምህርት ቤታችን የተወሰዱት ተማሪዎች የት እንዳሉ ጠይቄ ነበር። ያን ዕለት መልስ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። መልሱ አሁን እንደመጣ ስለገባኝ አልተከራከርኩም። የጠመኔ ሳጥኔን በአጠገባችን ለምታልፍ የሒሳብ መምህርት ሰጥቼ ተከተልኳቸው።

የወሰዱኝ ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ወዳለ ግቢ ነው። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ ከተወሰደ ስንት ዓመት እንደሆነው አላውቅም፤ ሽታው ግን ከግድግዳው አልወጣም፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ይብስበታል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የታየኝ እግር ነው። ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቆርቆሮና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ስለነበርና እሱም የሚያርፈው ወለሉ ላይ ስለነበር፣ ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጉ ባዶ እግሮች እንጂ ሰው አላየሁም።

"ጫማህን በሩ ላይ አውልቅ ልጄ። ሰው የሚተኛበት ነው" አለኝ አንድ ድምፅ።

ድምፁን አወቅሁት። በሚዛን ገበያ አጠገብ ሳሙና፣ ጨውና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጡ አዛውንት ነበሩ። ከእሳቸው ሱቅ ደብተርና እስክሪብቶ እገዛ ነበር። ከተማው በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። የታሰሩት፣ ወጣቶች ማታ ማታ በሱቃቸው በረንዳ ላይ እየተቀመጡ ስለሚያወሩ ነው። እሳቸው እንደሚሉት፣ የልጆቹ ወሬ ከኳስ አልፎ አያውቅም፤ ቢያልፍም እሳቸው በጊዜ ነው የሚተኙት።

ጋሼ አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። በሌላ ጎናቸው የተቀመጠው በቴፒ በኩል ባለው ጫካ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ንብ አናቢ ነበር። ቀፎውን ሊያይ ጫካ ገብቶ ሲመለስ "ማንን አግኝተህ መጣህ?" ብለው ያዙት። "ንቦቼን" አለ። መልሱን እንደ ፌዝ ቆጠሩበት። ፕሮቴስታንት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ዝማሬ ያንጎራጉራል። ጋሼ ደግሞ በዚያው ሰዓት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። አንዱ ሌላውን ሳይረብሽ ጨርሰው ይተራረባሉ።

ረፋዱ ላይ ለፀሐይ ያወጡን ነበር። ከግቢው ጀርባ፣ በጥላ ዛፍ የተሸፈነ የቡና ተክል ያለበት ኮረብታ አለ። ጥቅምት በመሆኑ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ኮረብታው ግን ብዙም አይታየንም፤ በግንብ ተከልለናል። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ላይ እናያለን። እስረኛ ሰማይ ማየት የሚወደው ስለ ነፃነት እያሰበ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ሌላ የሚታይ ስላልነበረን ነው ያየነው።

ወፏን እዚያ አየናት። ኮረብታው ሲሞቅ አየሩ ይነሳል፤ እሷም ክንፏን ሳታርገበግብ በዚያ አየር ላይ እየተሽከረከረች ወደ ላይ ትወጣለች። ስትዞር ፀሐይ ከሥሯ መታቻትና ደረቷ ቦግ አለ፤ እንደታጠበ ነጠላ ነጭ ነበር።

"ገዴ!" አሉ ጋሼ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። "ደረቷን አሳየችኝ! አያችሁ? ደረቷን!"

"ጋሼ፣ ያቺ አሞራ ዶሮ ፈልጋ ነው እንጂ እርስዎን ፈልጋ አይደለም" አለ ንብ አናቢው።

"አንተ ምን ታውቃለህ? ዕድሜህን በሙሉ ቀፎ ውስጥ አንገትህን ቀብረህ።"

"እግዜር ቃሉን የሰጠን በመጽሐፍ ነው። በአሞራ አይደለም።"

"ተው እንግዲህ! ኖኅ ውሃው መጉደሉን በምን አወቀ? በሬዲዮ ነው?"

ጠባቂው ሳይቀር ሳቀ። ንብ አናቢውም ተሸነፍኩ ብሎ እጁን አነሳ።

ገዴ ምን እንደሆነች ለማያውቅ ላስረዳ። የጋሼ አባት ከሰሜን ቡና ፍለጋ የመጡ፣ በበቅሎ የሚጭኑ ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ያችን ወፍ ይፈልጋል። ነጭ ደረቷን ካሳየችው መንገዱ ቀና ነው፤ ጥቁር ጀርባዋን ከሰጠችው ግን ጭነቱን አራግፎ ያድራል። ጋሼ ይህን ከአባታቸው ወረሱ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ ቄስ ፊት ስለ ገዴ አያነሱም፤ ሰማዩን ማየትም አይተዉም።

እኔም ወፏን አየሁ። ገዴ አልነበረችም። ነገር ግን የሰው ደስታ የፈተና ወረቀት አይደለምና ለማረም አልቸኮልኩም።

የጋሼ ምግብ የሚመጣው በሴት ልጃቸው ነበር። በር ላይ ሳህኑን ታቀብላለች፤ ጠባቂው ደግ ከሆነ ሁለት ሦስት ቃል ትለዋወጣለች። አንድ ቀን ጋሼ ከበሩ ሲመለሱ ሳህኑን ሳይከፍቱ አስቀመጡት። ሚስታቸው እሳቸው ከመታሰራቸው በፊትም ታማ ነበር፤ እግሯ ያብጣል፣ ኩላሊት ነው ተብሏል። አሁን እህል መቅመስ ትታለች። "አባትሽ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች" ብላ ነግራቸዋለች ልጅቷ፤ "ሌላ የምትጠይቀው የለም" ብላለች።

በማግስቱ መርማሪው ጋሼን ጠራቸው። ተመልሰው ሲመጡ ምሳ ላይ ነበርን። ሳይቀመጡ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ዛሬ የጠሩኝ ስላንተ ነው።"

"ስለ እኔ?"

"ልጆቹን ጓዳዬ ውስጥ እየሰበሰብክ ስታሳድም ነበር ብዬ እንድመሰክር ነው። ይህን ካልኩ ሰኞ ቤቴ እገባለሁ።"

ንብ አናቢው ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። "እርስዎስ ምን አሉ?"

"እስከ ሰኞ ላስብበት አልኩ።" ከዚያ እኔን እያዩ ቀጠሉ። "ጓዳዬ ገብተህ አታውቅም። ከባንኮኒዬ ወዲህ እግርህ አልፎ አያውቅም። እሱን እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ፣ ፈጣሪም ያውቃል። ግን ሴትዮዋ…" እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ። "አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ትላለህ?"

"አላውቅም ጋሼ" አልኩ። እውነቴን ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ምስክር ከተገኘብኝ ስንት ዓመት እንደምቀመጥ እያሰብኩ ነበር። ነገር ግን በር በሩን የምታይ አንዲት ሴትም ትታየኝ ነበር።

እሳቸው ሁለቱን መመዘን አቃታቸው። በአንድ በኩል የሐሰት መሐላ አለ፤ በሌላ በኩል አብራቸው ያረጀች ሚስት። ሁለት ቀን ዳዊታቸውን እንኳ መሐል ላይ እያቋረጡ ሰነበቱ። ቅዳሜ ጠዋት ለሁላችንም እንዲህ አሉ።

"ነገ ለፀሐይ ስንወጣ ገዴን አያታለሁ። ደረቷን ካሳየችኝ እመሰክርና ቤቴ እገባለሁ። ጀርባዋን ከሰጠችኝ አልመሰክርም። በቃ፣ ለእሷ ሰጠሁት።"

ንብ አናቢው ወደ እኔ ዞረ።

"ቲቸር! አንተ የወፍ አስተማሪ አይደለህም? ያቺ ወፍ ገዴ ናት? ተናገር እንጂ!"

"አይደለችም" አልኩ። "ሌላ ወፍ ናት። ከሩቅ አገር የመጣች ንስር ናት።"

ጋሼ ፈገግ አሉ። ንዴት አልነበረባቸውም። "ልጄ፣ ባለ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም። ገበያ ላይ ሁሉም የራሱን ቅቤ ነው የሚያሞግሰው። እኔ አንተን ብሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር።"

ልክ ነበሩ። ወፏ ገዴ ከሆነች ነጭ ደረቷ እኔን ያሳስረኛል፤ ካልሆነች እተርፋለሁ። ከእኔ የባሰ ባለ ጉዳይ አልነበረም። ግን ደግሞ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ፤ መምህር ስላለ ብላችሁ አትቀበሉ፣ ምልክቱን ራሳችሁ እዩ።

"እውነትዎን ነው" አልኳቸው። "እኔን አይመኑኝ። ሁለቱ ወፎች በምን እንደሚለዩ ላሳይዎት። ነገ ራስዎ ይዩ፤ እኔ አፌን አልከፍትም።"

"አይቼ ብሳሳትስ?"

"ቢሳሳቱም አልናገርም።"

"እሺ" አሉ። "አስተምር።"

ሰሌዳ አልነበረኝም። የንብ አናቢው ቤተሰብ ቆጮና ጎደሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይልኩለት ነበር። ከዚያ ቅጠል ሁለት ወፍ ቀደድኩ፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ከሥር እንደሚታዩ አድርጌ። ጎደሬው በፍም የተጠበሰ ስለነበር ከልጣጩ ላይ ጥላሸት በጣቴ እየወሰድኩ ጥቁር መሆን ያለበትን ቦታ ቀባሁ።

"ይቺ የእርስዎ ገዴ ናት" አልኩ የመጀመሪያዋን አንስቼ። "የዚሁ አገር ወፍ ናት። እዚሁ ትፈለፈላለች፣ እዚሁ ትሞታለች፤ ክረምት ከበጋ ኮረብታዋን አትለቅም። ክንፏን ከሥር ሲያዩት አብዛኛው ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ጫፉና የኋላው ጠርዝ ብቻ ነው፣ እንደ ነጠላ ጥለት።"

"እንደ ጥለት" አሉ ጋሼ፣ በጣታቸው ጠርዙን እየተከተሉ። "ጅራቷስ? አባቴ ጅራቷ ቀይ ነው ይል ነበር።"

"ቀይ ነው፤ እንደ ሸክላ። ነገር ግን በጅራት ብቻ አይፍረዱ። ገና ያልጎለመሰች ገዴ ጅራቷ ቀይ አይደለም፣ ቡናማ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።"

ይህን መናገር አልነበረብህም ብሎ ንብ አናቢው በክርኑ ጎሸመኝ። "ቀይ ካልሆነ ገዴ አይደለችም" ብዬ ብተወው ነገሩ ለእኔ ይቀል ነበር። ግን ትክክል አይሆንም።

ሁለተኛዋን አነሳሁ። "ይቺ ደግሞ መንገደኛዋ ናት። በአማርኛ የተለመደ ስም አላውቅላትም። እግሯ እስከ ጣቶቿ ድረስ በላባ የተሸፈነ ስለሆነ እኔ ለተማሪዎቼ ባለ ሱሪዋ ንስር እላታለሁ።"

"ባለ ሱሪዋ!" አለ ንብ አናቢው። "ጋሼ፣ ሱሪ የለበሰች ሴት ሊያምኑ ነው እንዴ?"

"ዝም በል፤ ትምህርት ላይ ነን።"

"የእሷም ደረት ነጭ ነው" ብዬ ቀጠልኩ። "ሰው ከገዴ ጋር የሚያምታታት ለዚህ ነው። ክንፏ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። የፊተኛው ግማሽ ነጭ፣ የኋለኛው ግማሽ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር። ጥለት አይደለም፤ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለተኛ፣ ፊት ለፊት ስትመጣ አንገቷ ከክንፏ በሚገናኝበት ቦታ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ነጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እንደ መኪና መብራት ያስቧቸው። ገዴ መብራት የላትም።"

በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተች። "ምን ስብሰባ ነው?" አለ ጠባቂው።

"የአሞራ ስብሰባ ነው" አለ ንብ አናቢው። "አባል መሆን ትፈልጋለህ?"

"አንተ ማረኛ፣ አፍህን ዝጋ።" መስኮቷን ግን አልዘጋትም። ትንሽ ቆይቶ "የእናቴን ጫጩት የምትጨርሰው የቷ ናት?" አለ።

"ጭልፊት ናት። እሷ የሌላ ቀን ትምህርት ነች" አልኩት። ጆሮውን መስኮቷ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ።

ጋሼ ሁለተኛዋን ቅጠል ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ስለ ወፏ ይጠይቁኝ ጀመር። ከየት ነው የምትመጣው? ለምን? ከሰሜን፣ ከባሕር ማዶ፣ ጥድ ከሚበዛባቸው አገሮች ነው አልኳቸው። ብዙ ሰው ብርዱን ፈርታ የምትሰደድ ይመስለዋል፤ ብርዱን በላባዋ ትችለዋለች። የሚያስነሳት ረሃብ ነው። ብርዱ ሲመጣ እንሽላሊቱ ይደበቃል፤ ትናንሾቹ ወፎችም አገር ይለቃሉ። በባሕርና በበረሃ ላይ ብቻዋን ትጓዛለች። ልጆቿንም አትመራም፤ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ጉዞ የሚሞቱት ብዙ ናቸው።

"እዚህስ ጎጆ ትሠራለች?"

"አትሠራም። ጎጆዋ እዚያ ነው። እዚህ ትበላለች፣ ትሰነብታለች፣ ትመለሳለች።"

"እንግዲህ ስለ እኛ ምንም አታውቅም ማለት ነው።"

"ስለ ነፋሱና ስለ እንሽላሊቱ ታውቃለች።"

"ገዴስ? እሷ ስለ እኛ ታውቃለች?"

"ጋሼ፣ እኔ የማስተምረው የቷ ወፍ የቷ እንደሆነች ነው" አልኩ። "ከዚያ ያለፈው የእርስዎ ነው።" ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅጠሏንም አጥፈው በኪሳቸው ከተቱ።

እሁድ ሰማዩ ደመናማ ነበር። ወጥተን በግንቡ ሥር ቆምን። ፀሐይ ከሌለ ኮረብታው አይሞቅም፤ ካልሞቀ አየሩ አይነሳም፤ አየሩ ካልተነሳ ወፏ አትወጣም። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ቃል ገብቼ ነበር። ጠባቂው ሰዓቱን አየ፤ ግን "ግቡ" አላለም።

ደመናው በኮረብታው በኩል ተሰነጠቀ። ወፏ ከዛፎቹ ራስ ላይ ብቅ አለች፤ ዝቅ ብላ፣ ቀጥታ ወደ እኛ። በግቢው ላይ ስትደርስ ዘወር አለችና ደረቷን ሙሉ በሙሉ ለጋሼ ገለጠችላቸው። ነጭ ነበር። ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል። ጋሼ "አሳየችኝ" ቢሉ "አላሳየችዎትም" ሊላቸው የሚችል አንድ ሰው አልነበረም። ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ "ክንፏን አልለየሁትም" ቢሉም ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እኔም ቢሆን።

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ተከተሏት። ዞራ እንደገና ፊት ለፊት ስትመጣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።

"ግማሹ ጥቁር ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጥለት አይደለም።" ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "መብራቱም አለ። በግራም በቀኝም።"

ወፏ ከኮረብታው ጀርባ እስክትጠፋ አዩዋት። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ።

"የእኛ አይደለችም" አሉ። "መንገደኛ ናት።"

ንብ አናቢው "ተመስገን!" ብሎ ሊያቅፈኝ ሲል በእጄ ከለከልኩት። የጋሼ ፊት ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም። የሚደገፉት ነገር ከሥራቸው የተነሳባቸው ሰው ይመስሉ ነበር።

"ገድ አልመጣልኝም" አሉ። "እንግዲህ ነገሩ በእኔው ላይ ወደቀ።"

ሰኞ ጠዋት ጠሯቸው። ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ቦታቸው ተቀመጡ።

"ያላየሁትን አላየሁም አልኩ" አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ ሸለብ አድርጓቸው ሳለ፣ ጠባቂው በመስኮቷ በኩል በጣቱ ጠራን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። የጋሼ ሚስት ሌሊቱን አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ነው። የግቢው አለቃ ጋሼ ለቀብሩ እንዲወጡ አልፈቀደም። የጎረቤት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታ በር ላይ ብዙ ለምናለች።

እኔ ወዲያው እንንገራቸው አልኩ። ንብ አናቢው ግን እጄን ያዘኝ። "ቲቸር፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። በእናንተም በእኛም አይነገርም። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ እህል ሳይቀምስ፣ አፉ ላይ አይጣልበትም። ቀብሩ እንደሆነ አይሄዱበትም። ይብሉ፣ ይደሩ። ጎሕ ሲቀድ ለብሰን፣ ቆመን እንነግራቸዋለን። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በወግ ነው የሚረዱት።" በሱ ቃል ሁላችንም ተስማማን።

ማታ ምግባቸው መጣ፤ ያመጣችው ያቺው ጎረቤት ነበረች። ጋሼ አንድ ጊዜ ጎረሱ። ያኘኩትን ቀስ ብለው ዋጡና ሳህኑን አዩት።

"ይሄ ወጥ የልጄ እጅ አይደለም" አሉ።

ንብ አናቢው ስለ ጫካ ማር አንድ ነገር ማውራት ጀመረ፤ መሐል ላይ ተወው። ጋሼ ሁለት ጊዜ ያህል ጎርሰው፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው እጃቸውን ተጣጠቡ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጋቢ ያለው ጋቢውን፣ ኮት ያለው ኮቱን ለበሰ። ጠባቂው ሳንጠይቀው በሩን ከፍቶ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ወደ ጋሼ ስንዞር ተቀምጠው አገኘናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አልተኙም ነበር።

"ኑ እንጂ" አሉ። "ምን ትጠብቃላችሁ? ነጋ እኮ።"

ንብ አናቢው ፊታቸው ተንበረከከ። "ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት" አለ።

አልጮኹም። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጋቢያቸውን ዐይናቸው ላይ ሳቡ። "መቼ?" አሉ ኋላ። ነገርናቸው። ቀኑን ሲያሰሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እሁድ ወፏን ሲያዩ እንደነበረው።

"ብናገር ኖሮ ሰኞ ቤቴ ነበርኩ" አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት፤ ለማንም አልነበረም። "ፊቷን አየው ነበር።"

ሌሎች ክፍሎች ያሉ እስረኞች ሰምተው ኖሮ ለፀሐይ ስንወጣ አንድ በአንድ እየመጡ "እግዜር ያጽናዎት" አሏቸው። ጠባቂው ከበር ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር አምጥቶ ሰጣቸው። እሳቸው ግን በወጉ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኛም ዙሪያቸውን ተቀመጥን። ምሳ ሲመጣ እኔ መብላት አቃተኝ። ሐዘንተኛው እሳቸው ሆነው ሳለ ቆርሰው፣ "እንካ፣ ብላ ልጄ" አሉኝ። ከእጃቸው ተቀብዬ በላሁ።

እኔ ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ክስ ወጣሁ። ምስክር አልተገኘም ተባልኩ። ጋሼና ንብ አናቢውም ተከትለው ወጡ። ዛሬ የማስተምረው ጌጫ ነው። እዚያ ደጋ ነው፤ በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ተማሪዎቼን ሜዳ አውጥቼ መንገደኛ ወፎቹን አሳያቸዋለሁ። ግማሽ በግማሹን ክንፍ፣ መብራቶቹን፣ አታላዩን ጅራት ሁሉ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ "ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል?" ይለኛል። ለዚህ ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፉ ያለውን መልስ እሰጣለሁ።

ለሚስታቸው ሙት ዓመት ወደ ሚዛን ወረድኩ። በር ላይ ለእንግዳ ውሃ የምታስታጥበው ልጃቸው ነበረች። ከዚያ በፊት ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ እሷ ግን አወቀችኝ።

"መምህሩ አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"አባዬ ሁሉንም ነግሮኛል። ልክ ነው የሠራው።" ውሃውን እጄ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። "እማዬ ግን በሩን እያየች ነው የሞተችው። ይህንንም እንድታውቅ ነው።"

ማስረዳት ሥራዬ ነው። ያን ዕለት ግን "አወቅሁ" ብቻ አልኳት። ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ እጄን ዘርግቼ ቆየሁ። ከዚያ ገባሁ፤ ጋሼ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥኩ።